በእፍኝ ጨው የተሸጠች ልጅ

ዓባይነሽ ልጇን የሸጠቻት በወለደቻት በሦስተኛው ቀን ነው። ገዥዋ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ እህተ ማርያም ነበረች፤ ዋጋው ደግሞ አንድ እፍኝ ጨው። ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ሰው ካለ ቁጣውን ጥቂት ያቆየው። ዓባይነሽ ከዚያ በፊት ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያው በስምንት ወሩ፣ ሁለተኛዋ ጥርስ ማውጣት ስትጀምር ሄዱ። ሦስተኛው ድክ ድክ ብሎ፣ "እማ" ብሎ፣ ጫጩት አባሮ፣ የሁሉንም ልብ ካሳረፈ በኋላ አንድ ሰኞ አተኮሰው፤ ሐሙስ ተቀበረ። ሦስቱንም በጋቢው ጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያን ያደረሳቸው ባሏ እንዳለው ነው። ከሦስተኛው በኋላ ያንን ጋቢ ዳግመኛ አልለበሰውም።

ስለዚህ አራተኛዋ ስትወለድ የመንደሩ አሮጊቶች ማንንም አላማከሩም። ቤቱን ጠረጉ፣ ጥራጊውን ደፉ ላይ ሰበሰቡት፣ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው ከጥራጊው አጠገብ አስተኟት። እህተ ማርያም እንደ መንገደኛ በደጁ አለፈችና ቆም አለች።

"ይችን ጥራጊ ማን ነው የጣላት?"

"እኔ ነኝ፣" አለች ዓባይነሽ ከመደቡ ላይ፣ እንዳስጠኗት። "ከፈለግሽ ውሰጃት።"

እህተ ማርያም ጨዉን በዓባይነሽ መዳፍ ላይ አፈሰሰች። ልጂቱን አንሥታ እስከ አጥሩ ድረስ ወሰደቻትና መልሳ አመጣቻት። "የኔ ናት፤ እስክወስዳት አሳድጊልኝ" ብላ ሰጠቻት። አለቀ። ያ ልጆቿን እየመጣ የሚወስደው ነገር፣ ስሙን እንኳ የሚጠራው የለም፣ ተመልሶ ቢመጣ ከዚያ ቤት የዓባይነሽ የሚባል ልጅ አያገኝም። ልጂቱ ሰባት ዓመት ሲሞላት ጨዉ ለገዥዋ ይመለስና እናቷ መልሳ ትገዛታለች። እስከዚያ ድረስ ግን "ልጄ" ማለት የለም፤ በሰው ፊት መሳም የለም፤ ማመስገንማ ጨርሶ የለም። የክርስትና ስሟን ቄሱ ይወቁት። ቤት ውስጥ ጥራጊ ተባለች።

ጥራጊም ኖረች። ስምንት ወሯን አለፈች፣ ጥርስ አወጣች፣ ጫጩትም አባረረች፤ ምንም አልሆነችም። ዓባይነሽ ከጅጋ በላይ ካለ ገጠር በአሥራ አምስት ዓመቷ ቡሬ አጠገብ የተዳረች፣ እጇ ከሥራ አፏ ከጨዋታ የማይቦዝን፣ ቃሏንም የምትጠብቅ ሴት ናት። ይህንን ቃል ደግሞ እንደ ነፍሷ ጠበቀችው። ሰው "ልጂቱ ዐይኗ ሲያምር!" ሲላት "ምኗ ያምራል? አፍንጫዋን አታዩትም!" ትላለች፤ ልቧ ግን በደስታ ይዘላል። ቀን ልጂቱ እንቅልፍ ሲወስዳት ጎንበስ ብላ አናቷን ታሸታታለች። ስትነቃ "ተነሽ አንች ጥራጊ፣ ፀሐይ እስኪያቃጥልሽ ትተኛለሽ?" ትላታለች። ልጂቱ የሰማችው እንግዲህ ነቅታ ሳለች የተባለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቢሆነኝ ተወለደ። አሮጊቶቹ መክረው "የዚያ ነገር መንገድ ተሰብሯል፣ ልጂቱ ዘግታዋለች፣ ለዚህ ምንም አያሻም" አሉ። ዓባይነሽ ዐራት ዓመት ሙሉ አፏ ውስጥ ቆልፋ የያዘችውን ሁሉ በቢሆነኝ ላይ አፈሰሰችው። "የኔ ጌታ፣ የኔ ወርቅ፣ የናቱ ሆድ፣ የናቱ ዐይን!" በሰው ፊት ሳመችው፤ ጉልበቷ ላይ አቁማ ዘፈነችለት። ጥራጊ ከምሰሶው ሥር ቆማ ታይ ነበር።

መንከስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሕፃኑን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ልጆችን፣ ከዚያ ያገኘችውን። የተቀዳ ወተት ትደፋለች። ዶሮ የታቀፈችውን እንቁላል ትረግጣለች። ስትጠራ አትመጣም፣ ስትያዝ ትራገጣለች፣ ስትመታ አታለቅስም። ይኸ አለማልቀሷ እንዳለውን ያስፈራው ነበር፤ ሲፈራ ደግሞ አብዝቶ ይመታል። ጠበል ወሰዷት፤ ጠበሉን ጠጥታ አጥማቂውን ነከሰች። መንደሩ ሳቀ። ዓባይነሽ ግን አልሳቀችም፤ ዕለት ዕለት ከልጂቱ ጋር ስትጯጯህ ትውልና ጉሮሮዋ ሲደርቅ ከጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትወትፋለች፣ ልቅሶዋ እንዳይሰማ።

በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ጫፍ ደረሰ። በርበሬ ተለቅሞ ግቢው ሙሉ ቀልቶ ነበር። ዓባይነሽ ከምንጣፉ ዳር ተቀምጣ ጭራውን ትቀነጥሳለች፤ ቢሆነኝ ከኋላዋ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። ጥራጊ ከምንጣፉ ላይ የተጠራቀመውን ፍሬና ብናኝ በእጇ ዘግና ሄዳ የሕፃኑ ዐይን ላይ አሸችበት። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ዓባይነሽ ልታጥበው ብትሮጥ የራሷም እጅ በርበሬ ነው፤ በነካችው ቁጥር ባሰበት። እህተ ማርያም ደርሳ በውኃ፣ በወተት እያለች አጠበችው። ሕፃኑ ሦስት ቀን ዐይኑን አልገለጠም፤ በዐራተኛው ቀን ገለጠ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አየ። እንዳለው ግን በዚያን ቀን ቆርጦ ነበር።

"ፋሲካ ሲውል ሽንዲ ትሄዳለች፣" አለ። "ለአድማሴ እሰጣታለሁ።"

አድማሴ የእንዳለው ታላቅ ወንድም ነው። ሽንዲ አካባቢ በሬ በማቅናት የታወቀ፣ ልጅ በማቅናትም የሚመካ ሰው። ከሁለት ዓመት በፊት ዳኘው የሚባል የአክስታቸውን ልጅ እንዲሁ አስቸጋሪ ነው ብለው ሰጥተውት ነበር። ዳኘው በዓመቱ ተቃንቶ ተመለሰ። ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲልኩት ይሄዳል፣ የሰው ፊት ግን አያይም፤ አንድ ወንድ ከኋላው ድንገት ቢስል ሱሪው ይረጥባል። ዓባይነሽ ይህንን በዐይኗ አይታለች። ባሏን ለመነች፣ ተንበረከከች፣ አኮረፈች። እንዳለው "የልጄን ዐይን ልታጠፋ ነበር እኮ!" ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

መላው የመጣው ካልታሰበበት ነው። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይናለም፣ መጸዳጃ ቤት ቆፈራችሁ አልቆፈራችሁ እያለች በየቤቱ የምትዞር፣ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ስትጠራ ሰው ከጓሮ የሚሸሻት ሴት፣ ያን ሰሞን ቤታቸው ገብታ የሕፃኑን ዐይን አየች፤ ታሪኩንም ሰማች። ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ከነእናታቸው የሚረዱበት ክፍል መከፈቱን ለዓባይነሽ ነገረቻት። መድኃኒት የለውም፣ ጨዋታ ነው አለች።

"ጨዋታ?" አለ እንዳለው። ሳቀ፣ ግን አልከለከለም። "ሞክሪው እስቲ። ፋሲካ ያው ፋሲካ ነው።"

ጥር ካለቀ በኋላ በየረቡዑ ዓባይነሽ ቢሆነኝን ለእህተ ማርያም ትታ፣ ጥራጊን ይዛ፣ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወረደች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ የእንጨት ቁርጥራጮችና የሚድቦለቦል ጭቃ አለ። በአንድ በኩል የቀርከሃ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ጀርባ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሠርክአዲስ ትቀመጣለች፤ በስንጥቁ ታያቸዋለች። ለዓባይነሽ ሞባይል ይሰጣትና ሽቦው ጆሮዋ ውስጥ ይሰካላታል። ሲስተር ከዚያ ሆና በስልክ የምትለውን የምትሰማ ዓባይነሽ ብቻ ናት። ሕጉ አጭር ነበር፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ማዘዝ የለም፣ መጠየቅ የለም፣ መቆጣት የለም። ልጂቱ የምትሠራውን መናገር፣ ያለችውን መድገም፣ ደግ ስትሠራ ደግ የሠራችውን ጠርቶ ማመስገን። በየቀኑም ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ እንዲሁ መጫወት።

ዓባይነሽ ማመስገን የሚለውን ስትሰማ በሩን አየች።

"እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?" አለ ሽቦው። ዓባይነሽ ወደ መጋረጃው ዞረች። "ወደኔ አትዙሪ፣ እሷን እያት። አሁን ምን እያደረገች ነው?"

"ኩባያ እየደረደረች ነው።"

"ለኔ አይደለም፣ ለሷ ንገሪያት።"

"ኩባያ... እየደረደርሽ ነው።"

ጥራጊ ቀና አለች። ቁጣው እስኪከተል ጠበቀች። ቁጣ ሲቀር ግራ ገብቷት ሌላ ኩባያ አነሣች።

"በጣም ጥሩ፣ አንድም አልሳትሽ። አሁን አመስግኛት። 'ቀዩን ከቢጫው ላይ ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽ፣ ጎበዝ' በያት።"

በዓባይነሽ ዐይን ሦስት ትንንሽ መቃብሮች መጡባት። ይኸ ቃል ከአፏ ሲወጣ ማን እንደሚሰማው በምን ታውቃለች? ክፍሉ መስኮት አለው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ሽቦው "አይዞሽ፣ በያት" አለ። እሷም ልትለው ተነሥታ ከአፏ የወጣው "ወግጅ!" ነበር።

ጥራጊ ኩባያዎቹን በክንዷ ጠረገቻቸው፤ አንዱ የእናቷን ቅንድብ መታው።

ሁለተኛው ረቡዕ እንዲሁ ሄደ፤ ሦስተኛውም። የምትሠራውን መናገር ተማረች፣ ያለችውን መድገምም ተማረች፤ ምስጋናው ላይ ስትደርስ ግን ትዘለዋለች። ሲስተር ሠርክአዲስ ትዕግሥተኛ ናት፣ ጉዳዩ ግን ሊገባት አልቻለም። "እታለም፣ ይችን አንድ ቃል ምን አከበደብሽ?" ትላታለች። ዓባይነሽ ልጂቱን ይዛ ትወጣለች። መንደርተኛው ደግሞ ወሬውን ሰምቶ "ዓባይነሽ ልጅ በሽቦ ማሳደግ ጀመረች" እያለ ይዝናናል። ፋሲካ ሰባት ሳምንት ቀረው፣ ስድስት ቀረው። በየረቡዑ ከሚኒባስ ስትወርድ ሽንዲ አንድ እርምጃ የቀረበ ይመስላታል።

በዐራተኛው ረቡዕ መላ አገኘች። መንገዱን ሁሉ ስታስበው መጥታ ነበርና ሲስተር "አሁን" ስትላት አልተንተባተበችም።

"የእህተ ማርያም ልጅ ጎበዝ ናት፣" አለች ጮክ ብላ፣ መስኮቱም እንዲሰማ። "የእህተ ማርያም ልጅ ቀዩን ከቢጫው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች።"

ሲስተር የመንደራቸው የቁልምጫ አጠራር መስሏት ይሆናል፣ "ጥሩ ነው፣ ጀመርሽው" አለች። ጥራጊ ኩባያውን እንደያዘች እጇ ቀረ። እናቷን አየች፣ ከዚያ በሩን አየች፣ ከዚያ ወደ ኩባያዎቹ ተመለሰችና እጅግ ቀስ ብላ ሌላ ደረበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጂቱ ተለወጠች። ይኸን ያየ ሁሉ መስክሯል። ዓባይነሽ ምሥጢሩ ገባኝ ብላ ቤትም ስትጫወት "የእህተ ማርያም ልጅ ውኃውን ሳታፈስ አመጣች"፣ "የእህተ ማርያም ልጅ ዶሮዋን አልነካችም፣ ጎበዝ" እያለች ታመሰግናታለች፤ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ጥራጊ መንከስ ተወች። ወተት መድፋት ተወች። ስትጠራ ትመጣለች። ዓባይነሽ ከስንት ዓመት በኋላ ሥራ እየሠራች አንጎራጎረች። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጂቱ ሥራ ስትፈታ አጥሩ ሥር እየሄደች በስንጥቁ የእህተ ማርያምን ቤት ትመለከታለች። ዓባይነሽ ይህን ልብ አላለችውም። እንዳለው እንኳ "ምን ነክቷት ነው እንዲህ ዝም ያለችው?" አለ፣ ከሽንዲው ነገር ግን ፈቀቅ አላለም። ዝም ያለ ሁሉ የተቃና አይደለም፣ አድማሴ ይይልኝ አለ።

ስምንተኛው ረቡዕ መጣ። ጥራጊ ያን ቀን ኩባያውን ትታ ጭቃውን ያዘች። አንድ ትልቅ ሰው ሠራች፣ አንድ ትንሽ ሰው ሠርታ ትልቁ ላይ አስደገፈችው። ሦስተኛውን ሠርታ ከምንጣፉ ጠርዝ አሻግራ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችው።

"ይኸ ሕፃኑ ነው፣" አለች።

"ይኸ ሕፃኑ ነው፣" አለች ዓባይነሽ እንደ ተማረችው።

"ይች እናቱ ናት።"

"ይች እናቱ ናት።"

"ይች የተሸጠችው ናት።"

የዓባይነሽ ምላስ ለመድገም ተነሥቶ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። "ያለችውን ድገሚላት፣ እታለም" አለ ሽቦው በለሆሳስ።

"ይች... የተሸጠችው ናት።"

"ገዥዋ ልትወስዳት ትመጣለች። ጎበዝ ስትሆን ነው የምትመጣው። ስለዚህ አትነክስም።"

ዓባይነሽ ይህንንም ደገመችው። ቃል በቃል፣ አንድም ሳታስቀር፣ በራሷ አፍ። "ጎበዝ ስትሆን ነው የምትመጣው። ስለዚህ አትነክስም።" ከዚያ ሽቦውን ከጆሮዋ ነቀለችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ሲስተር ሠርክአዲስ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ መጣች። ለልጂቱ ብስኩት ሰጥታ በረንዳ ላይ ካስቀመጠቻት በኋላ ዓባይነሽ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሦስቱን ቀብር፣ ጥራጊውን፣ ጨዉን፣ የቀሩትን ሁለት ዓመታት። ሲስተር የጅጋ ልጅ ናት። ከመሐል ጀምሮ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

"የኔ ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ተሸጦ ነው ያደገው፣" አለች። "እናታችንን እስክትሞት 'አንቱ' ሲላት ኖረ።"

"እና ምን ላርግ? ልጄ ልበላትና ትሙትብኝ?"

ሲስተር አጠገቧ ተቀመጠች። "የምትሞት አይመስለኝም፤ ቃል ልጅ አይገድልም። ግን ሦስት የቀበርሽው አንች ነሽ። ይኸንን በሽቦ ልነግርሽ አልችልም።"

ዓባይነሽ በዚያ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ጥራጊን አቅፋ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ጨው የሰጡትንም የተቀበሉትንም ረገመች። ከዚያ በድንጋጤ እርግማኗን መለሰች፣ ልጂቱን አኑሮላታልና። ልበላት ስትል መቃብር ይታያታል። ልተወው ስትል ያ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ጭቃ ይታያታል። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ያገኘውን እንጨት ይጨብጣል፤ እሷም ቡሬ ሳትደርስ ያንኑ ሽያጭ ጨበጠች። እንዳለው ልጂቱ ስትሸጥ እዚያው ነበረ። ልጂቱ የእህተ ማርያም ከሆነች ደግሞ እንዳለው የሰው ልጅ አንሥቶ ለወንድሙ መስጠት አይችልም።

እህተ ማርያም ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ተድረው የሄዱባት ሴት ናት። ሐሳቡን ሰምታ ከንፈሯን መጠጠች። "እላለሁ፣ ምን ቸገረኝ? ግን ልጂቱ ትሰማለች እኮ።"

"ትስማ። ሽንዲ ከምትሄድ ትስማ። የተረፈውን ኋላ እጠግነዋለሁ።"

አድማሴ በፋሲካ ማግስት ረፋዱ ላይ ደረሰ። ጅራፉን ደፉ ላይ አስደግፎ ገባ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ማዳበሪያውም ተወራ። ከዚያ ጥራጊን ጠራት። ልጂቱ መጥታ ቆመች። ክንዷን ያዘ፣ አገጯን ቀና አደረገ፣ ጥርሷን አየ።

"በዚህ ነው የምትነክሽው?"

ጥራጊ ጥርሷን ገጠመች።

"በስድስት ወር አቀናልሃለሁ፣" አለ ለወንድሙ። በዚህ መሐል እህተ ማርያም በሩ ላይ ቆመች። ሰላምታ ሰጥታ፣ እንዳቀዱት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ተናገረች።

"ጋሽ አድማሴ፣ አይቆጡኝና ይች ልጅ የኔ ናት። በጨው የገዛኋት ናት፤ ቀኗ አልደረሰም። ሳልፈቅድ ከዚህ ግቢ አትወጣም።"

አድማሴ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወንድሙን አየው። "እውነት ነው?"

እንዳለው አንገቱን ደፋ። "እውነት ነው። እኔም ነበርኩ።"

አድማሴ ጨካኝ ይሁን እንጂ ወግ የሚፈራ ሰው ነው። እጁን ከልጂቱ ክንድ ላይ አነሣ። "እንግዲያ የሰው ልጅ አልነካም" ብሎ ጠላውን አነሣ። ነገሩ በዚህ አበቃ። ዓባይነሽ ምሰሶውን ያዘች። ልጂቱ ተረፈች። ሁለት ዓመት ዝም ማለት፣ ከዚያ ጨዉን መመለስ፣ ከዚያ ሁሉንም መናገር።

ያን ጊዜ ነው ጥራጊን ያየቻት። ልጂቱ ከመደቡ ሥር ቀሚሷን አውጥታ አጣጠፈችው። የፕላስቲክ ጫማዋን አጠለቀች፤ ግራና ቀኙን አሳስታለች። የቢሆነኝን ኳስ ከእጇ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ከዚያ ሄዳ የእህተ ማርያምን ነጠላ ጫፍ ያዘች። አላለቀሰችም። ፊቷ የተስተካከለ ነበር፣ ለብዙ ጊዜ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ደርሶ ዝግጁ ሆና እንዳገኘችው።

"ጎበዝ ሁኛለሁ አይደል?" አለቻት እህተ ማርያምን። "ከዚያ ወዲህ አልነከስኩም።"

ዓባይነሽ ዝም ካለች ሁሉም እንዳለ ይቆያል፤ ልጂቱ ለጥቂት ቀን ከአጥሩ ማዶ ብታድር ምን ይሆናል? ይህን አሰበችው። አስባው ሳትጨርስ እግሯ ጓዳ ገብቶ ነበር። የጨዉን ማሰሮ ስትከፍት ክዳኑ ወድቆ ተሰበረ። ዘግና ወጣች፤ በእህተ ማርያም መዳፍ ላይ አፈሰሰችው።

"ልጄን መልሽልኝ።"

"አንች! አብደሻል? ሁለት ዓመት ቀርቷታል እኮ! ደግሞ ይኸ ሰውየ..."

"ልጄን መልሽልኝ።"

እህተ ማርያም እጇን ሳበችና ጨዉ መሬት ላይ ተበተነ። "ውሰጃት፣" አለች። "እግዜር ይያዝልሽ፣ ውሰጃት።"

አድማሴ ተነሣ። "እንግዲያ ያባቷ ናት ማለት ነው" ብሎ ወደ ጅራፉ ሄደ።

ዓባይነሽ አልሰማችውም። ልጂቱ ፊት ተንበርክካለች። ጆሮዋ ውስጥ ሽቦ የለም፣ ምን ልበል ብላ የምትጠብቀው ድምፅ የለም። ጣራው አሁን ይወርድብኛል እያለች፣ በእያንዳንዱ ቃል ነፍሷ እየወጣ፣ "ልጄ፣" አለች፤ "ቀሚስሽን ራስሽ አጣጠፍሽ። ልጄ ጎበዝ ናት። ለወንድምሽ ኳሱን መለስሽለት። የኔ ልጅ ጎበዝ።"

ጥራጊ መሬቱን አየች። "ጨው ነው፣" አለች።

"ጨው ነው።"

"ገዛሽኝ።"

"ገዛሁሽ።"

"መልሰሽ ትሸጭኛለሽ?"

"አልሸጥሽም። ልጄ፣ አልሸጥሽም።"

ልጂቱ የእህተ ማርያምን ነጠላ አልለቀቀችም። በሌላው እጇ ግን የእናቷን ቀሚስ ያዘች፤ ሁለቱንም እንደያዘች ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። እንዴት ያለ ልቅሶ! ቢሆነኝም ተቀበላት። እንዳለው ይኸን ሁሉ ከተቀመጠበት አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየና "እስከ መስከረም ትቆይ" አለ። ወንድሙ "መስከረም እመጣለሁ" ብሎ ጅራፉን አንሥቶ ወጣ።

እንግዲህ ይኸ ነው። ጣራው አልወረደም። ዓባይነሽ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እጇ ከልጂቱ ግንባር ላይ አልተነሣም። ስታበላት ግንባሯን፣ ስታጥባት ግንባሯን፣ ደጅ ቆማ ስትጫወት እንኳ ጠርታ ግንባሯን ትዳስሳለች። ክረምቱ ሊመጣ ነው፤ ወባው ከክረምቱ ጋር ይመጣል፤ መስከረምም ከሁሉም በኋላ አለ። አሮጊቶቹ "ቃል አፍርሰሻል፣ እንግዲህ የመጣውን ቻይው" ብለዋታል። ከእነዚህ አንዱንም ሲስተር ሠርክአዲስ አልፈታችላትም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ክፍሉ ገብተው ተቀመጡ። ልጂቱ ጭቃውን ይዛ ማድቦልቦል ጀመረች። ሲስተር ሽቦውን ከመስጠቷ በፊት "እሺ እታለም፣ ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀች።

ዓባይነሽ ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ እንቅልፍ ካየች ሦስት ቀኗ ነው። መስኮቱን አየች፣ ክፍት ነው። ልጂቱን አየቻት። ከዚያ መስኮቱም የሚሰማውም ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ መለሰች።

"ትናንት ልጄ ወንድሟን ነከሰችው።"